ዓይንን ማስፋት በመጠነኛ ዋጋ፦ ለሬንጅፋይንደር ፊልም ካሜራ ዋይድ ሌንስ አመራረጥ

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት ሄጄ ነበር። የተማሪዎቹ ጎጆ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ነው። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። አራት ልጆች እሳት ዳር ቁጭ ብለው ቆሎ ይቆረጥማሉ። በእጄ የያዝኳት ዞርኪ 4 የምትባል የሶቪየት ሬንጅፋይንደር ካሜራ ናት (በሌንሱ ሳይሆን ጎን ባለች መስኮት እያዩ የሚያነሱባት)፤ አጎቴ በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ያመጣት። ሌንሷ 50 ሚሊ ሜትር። ሁለቱን ልጆች ሳስገባ ሁለቱ ይወጣሉ። ወደ ኋላ አልኩ። ደግሞ ወደ ኋላ አልኩ። ጀርባዬ ጭቃው ላይ ተለጠፈ። የኔታ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«ምነው ልጄ፣ ራቅ ብለህ አታነሳም?»

«ግድግዳው ገፋኝ የኔታ።»

«እንግዲያስ ዓይንህን አስፋ።»

የቅኔ መምህር ናቸውና ወርቁ ምን እንደነበር እስካሁን እያሰብኩ ነው። ሰሙን ግን ወዲያው ያዝኩት፤ ዋይድ ሌንስ፣ ማለትም የሚሊ ሜትር ቁጥሩ አንሶ ሰፋ አድርጎ የሚያይ ሌንስ ያስፈልገኛል። ከዚያ ወዲህ አራት ዋይድ ሌንስ ገዛሁ። ሁለቱን መግዛት አልነበረብኝም። ይህን የምጽፈው በዋናነት ስለ እነዚያ ሁለቱ እየተቆጨሁ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። አንድ አዲስ የላይካ (የጀርመኑ ካሜራ ሠሪ) 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ በሺዎች ዶላር ይሸጣል። እሱን መግዛት የሚችል ሰው ይህን ማንበብ አያስፈልገውም። እዚህ የምናወራው ካሜራውን የሠራው ኩባንያ ሳይሆን ሌላ አምራች ስለሠራቸው፣ ዋጋቸው ስለሚቀመሱ ሌንሶች ነው።

1. ካሜራችሁን ለዩት

መጀመሪያ ሌንሱ ይፈታል ወይ? ያሺካ ኤሌክትሮ 35፣ ካኖኔት፣ ሚኖልታ ሃይማቲክ ሁሉም ሬንጅፋይንደር ናቸው፤ ሌንሳቸው ግን አይቀየርም። ከእነዚህ አንዱ ካላችሁ በሌንሱ ገንዘብ ፊልም ግዙበት።

ሌንስ የሚቀይሩት በብዛት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሌንሱ እንደ ጠርሙስ ክዳን እየተጠመዘዘ የሚገባበት ነው። የጥርሱ ስፋት 39 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ኤም 39 ይባላል። ዞርኪ፣ ፌድ፣ የድሮዎቹ ላይካዎች፣ ካኖን ፒ እና ካኖን 7 እዚህ ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው ሌንሱ ገብቶ ትንሽ ዞር ሲል ቀጭ ብሎ የሚቆለፍበት ነው። ላይካ በ1954 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከኤም 3 ካሜራ ጋር ያመጣው ነው፤ የኤም አፍ እንበለው።

የጥርስ ሌንስ በቀጭን ቀለበት አማካይነት የኤም አፍ ካሜራ ላይ ይገባል። ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት በጥርሱ ካሜራ 28.8 ሚሊ ሜትር፣ በኤም ደግሞ 27.8 ነው። ልዩነቱ 1 ሚሊ ሜትር፤ ቀለበቱም የዚያን ያህል ውፍረት አለው። በተቃራኒው ግን አይሆንም። የኤም አፍ ሌንስ ዞርኪ ላይ አይገባም፤ ሻጩ ምንም ቢላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዜኒት የሚባለው የሶቪየት ካሜራም በአንድ ወቅት 39 ሚሊ ሜትር ጥርስ ነበረው። ዜኒት ግን ከሌንሱ ኋላ የሚዘል መስታወት ያለው ካሜራ ስለሆነ ሌንሱ ከፊልሙ 45.2 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ስለዚህ ለዜኒት የተሠራ ሚር 1 የሚባል 37 ሚሊ ሜትር ሌንስ ዞርኪ ላይ ጥርሱ ይገባል፣ ቆንጆ ሆኖ ይቀመጣል፣ አንድም ፎቶ ግን አይጠራም። ሲያዩት ያምራል ሲበሉት ያቅራል ማለት እሱ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ስሕተት ይኸው ነበር። ሻጩ «ለዞርኪ ይሆናል» አለኝ፤ እኔም ጥርሱ ሲገባ አይቼ ደስ አለኝ። 36 ፍሬም ጭጋግ።

ኪየቭ ካሜራ ያላችሁ ደግሞ ከሁለቱም ወገን አይደላችሁም። የእናንተ አፍ የኮንታክስ ነው። «ጁፒተር 12» የሚል ስም ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ ያው ሌንስ በሁለቱም አፍ ተሠርቷል።

2. ስንት ሚሊ ሜትር? መልሱ ኪሳችሁ ውስጥ ነው

ሌንስ ሳትገዙ በፊት ስፋቱን መሞከር ትችላላችሁ። የአብዛኞቹ ስልኮች ዋና ካሜራ እይታው ከ24 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር ይቀራረባል። አንድ ሳምንት ሙሉ ዙም ሳታደርጉ በስልክ አንሱ። ደጋግማችሁ «ምነው ትንሽ በጠበበ» ካላችሁ 35 ይበቃችኋል። «ልክ ነው» ካላችሁ 28 ወይም 25። «አልበቃኝም» ካላችሁ 21። ይህ ነጻ ፈተና ነው፤ እኔ ስለ እሱ ያወቅኩት ሦስተኛውን ሌንስ ከገዛሁ በኋላ ነው።

ቁጥር ለሚወድ ደግሞ ቀላል ስሌት አለ። የቆማችሁበትን ርቀት በ36 (የአንድ ፍሬም ስፋት በሚሊ ሜትር ነው) አባዙ፣ በሌንሱ ሚሊ ሜትር አካፍሉ። ያ የምታስገቡት ስፋት ነው። የቅኔ ቤቱን ጎጆ እንውሰድ። ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ከልጆቹ 2.5 ሜትር ያህል ርቄ ነበር። በ50 የሚገባው ስፋት 1.8 ሜትር ነው። በ35 ወደ 2.6 ይሰፋል፤ በ28 ደግሞ 3.2 ይደርሳል። በ21 ከ4 ሜትር በላይ ነው፤ ጎጆው ራሱ ያን ያህል የለውም። ለዚያ ቤት 28 ልክ ነበር ማለት ነው። ስሌቱ ከከበዳችሁ አንዷን ብቻ ያዙ፤ በ35 ሌንስ የቆማችሁበት ርቀትና የምታስገቡት ስፋት እኩል ነው ማለት ይቻላል።

ሰው ዋይድ ሌንስ የሚገዛው ለመልክዓ ምድር ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። 21 ሚሊ ሜትር ይዤ ደጀን ላይ ወጣሁ። አባይ በረሃ ከፊቴ ተዘርግቷል፤ ነፍስ ያስደነግጣል። ፊልሙ ሲታጠብ ያ ሁሉ ገደል የመስኖ ቦይ መስሎ ወጣ። ማዶ ያለው ግድግዳ ከጓሮ እርከን አይበልጥም። ዋይድ ሌንስ ሩቁን ነገር ያሳንሰዋል። ለአባይ በረሃ፣ ከሩቅ ለሚታይ ጮቄ ተራራ፣ 50 ሌንሳችሁን ያዙ፤ ኖሯችሁ ከሆነ 90።

ዋይድ የሚያምረው ቅርብ ስትሆኑ ነው። ደብረ ማርቆስ ገበያ ውስጥ፣ ቁምጣ የለበሰ ጎልማሳ ጋቢውን አጣፍቶ ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በግ ሲገዛ፣ እሱንም በጉንም ከኋላ ያለውን ግርግርም ባንድ ላይ ትፈልጋላችሁ። ለዚያ 28 ወይም 35 ነው። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ብትገቡ ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። እናንተ የምትቆሙት በዙሪያው ባለው ቀለበት መሰል ስፍራ ስለሆነ ወደ ኋላ መሸሽ አይቻልም። እዚያ 28 ይጠባል ብዬ ያሰብኩበት ጊዜ አለ። ይህን ያለ ፍላሽ፣ ካህናቱን አስፈቅዳችሁ ነው ታዲያ።

በ21 ስታነሱ ሰውን ዳር ላይ አታቁሙ። ጭንቅላቱ እንደ ቅል ይለጠጣል። ካሜራውንም ቀና አታድርጉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል።

የእኔ ፍርድ፦ አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ 28፤ መነጽር የምታደርጉ ከሆነ 35። ምክንያቱ ቀጥሎ ይመጣል።

3. ካሜራው ያሳያችኋል?

በሬንጅፋይንደር የምታዩት በሌንሱ ውስጥ አይደለም፤ ጎን ባለች መስኮት ነው። ሌንሱ ቢሰፋ መስኮቷ አትሰፋም። ዞርኪ 4 የምታሳየው የ50 እይታ ብቻ ነው። ሌሎች ካሜራዎች መስኮታቸው ውስጥ ሌንሱ የሚያስገባውን ስፋት የሚያሳዩ መስመሮች አሏቸው። ላይካ ኤም 3 ውስጥ ያሉት መስመሮች ለ50፣ ለ90 እና ለ135 ናቸው። ኤም 2 ላይ 35 ገባ። 28 የመጣው በ1980 ከኤም 4 ፒ ጋር ነው፤ ኤም 6ም አለው። መነጽር ያደረገ ሰው ግን የ28ቱን መስመር ዳር ዳር ለማየት ዓይኑን ያሽከረክራል። 35ን ለእሱ ያልኩት ለዚህ ነው። ከሁሉም ለጋሱ የቮይግትሌንደር ቤሳ አር 4 ነው፤ እስከ 21 የሚደርስ መስመር አለው። በዋጋ ግን ለጋስ አይደለም።

መስመር ከሌላችሁ ተጨማሪ ማያ ትገዛላችሁ። ካሜራው አናት ላይ ፍላሽ በሚሰካበት ቦታ ይገባል። በትንሿ መስኮት ፎከስ ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ ዓይናችሁን ወደ ላይኛው ማያ ታዛውራላችሁ። የዚህ ማያ ዋጋ አንዳንድ ጊዜ ከሌንሱ ይወዳደራል። ሒሳባችሁ ውስጥ ከመጀመሪያው አስገቡት! ርካሹ መንገድ የሶቪየቱ ባለ ሽክርክሪት ማያ ነው። 28፣ 35፣ 50፣ 85 እና 135 ባንድ ላይ ይዟል። መልኩ ያስቃል፤ ሥራውን ግን ይሠራል።

ወደ ኤም አፍ የሚቀይረውን ቀለበት ስትገዙም ልብ በሉ። ሦስት ዓይነት ነው፤ 28 እና 90፣ 35 እና 135፣ 50 እና 75 መስመር የሚጠሩ። ለ28 ሌንስ የ50ውን ቀለበት ከገዛችሁ ካሜራው የ50 መስመር ያወጣላችኋል። ውፍረቱ ልክ ያልሆነ ቀለበት ደግሞ ፎከሱን ያዛባል። እዚህ ላይ አትሰስቱ።

4. ኤፍ 1.4 ተዉት

ኤፍ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ ስፋት የሚናገር ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ሁለተኛው የማይረባ ግዢዬ እዚህ ይገባል። ደህናዋን ባለ 2.5 ሌንሴን ሸጬ ትልቅ ቀዳዳ ያለው ዋይድ ገዛሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። አዲሱ ከባድ ነበር፤ ከካሜራው ጋር አንገት ይጎትታል። ፊቱ ትልቅ ስለሆነም የማያዋን አንድ ጥግ ሸፈነው።

ኤፍ 1.4 ከኤፍ 2.8 አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። እውነት ነው። ግን የጎጃም ፀሐይ ላይ ምን ያደርግላችኋል? ለብርሃን ያለው ስሜት 400 የሆነ ፊልም ካስገባችሁ ቀትር ላይ በ1/500 ሰከንድ እና በኤፍ 16 ነው የምታነሱት። ፊልሙን ከብርሃን የሚከልለው መጋረጃችሁ ፍጥነት 1/1000 ላይ የሚያልቅ ከሆነ በ1.4 ማንሳት ራሱ አይቻልም። ጨለማ ቤት ውስጥ ደግሞ ሬንጅፋይንደር የሚዘል መስታወት ስለሌለው በ28 ሌንስ 1/15 በእጅ ይያዛል፤ ትንፋሽ ያዝ አድርጎ ክርንን ጎን ላይ አስደግፎ። በኤፍ 2.5 እና በኤፍ 4 መካከል ያለ ሌንስ ይበቃል።

ትንሽ ቀዳዳ ሌላም ጥቅም አለው። 28 ሌንስን ኤፍ 8 ላይ አድርጋችሁ ፎከሱን 3.3 ሜትር ላይ ብታቆሙት ከ1.7 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ አድማስ ሁሉም ይጠራል። 1.7 ሜትር ስንት ነው? ሁለት እጃችሁን ግራና ቀኝ ዘርጉ። ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ከቁመታችሁ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ገበያ ውስጥ ሰውየው ከዚያ በላይ ከራቀ ፎከስ አያስጨንቃችሁም፤ አይታችሁ ቀጭ ነው። በ21 ከሆነ ደግሞ ፎከሱን 1.8 ሜትር ላይ አቁሙት፤ ከ90 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ ይጠራል። በ35 ግን ፎከሱ 5 ሜትር ላይ ሆኖ የሚጠራው ከ2.6 ሜትር ጀምሮ ነው። ለዚህ ሲባል ሌንሱ ላይ የርቀትና የኤፍ መስመሮች በደንብ የተቀረጹ መሆናቸውን እዩ። አንዳንድ ርካሽ ሌንስ ላይ መስመሮቹ የይስሙላ ናቸው።

5. የትኞቹን ልፈልግ?

ከሁሉ ርካሹ ጁፒተር 12 ነው። 35 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2.8። ሶቪየቶች የሠሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከነበረው፣ ቢዮጎን ከሚባለው የጀርመኑ የዛይስ ሌንስ ቀድተው ነው። የፊቱ መስታወት ገደል ውስጥ እንዳለ ጥልቅ ገብቷል፤ የፀሐይ መከላከያ አያስፈልገውም። ኤፉን ለመቀየር ጣት ወደዚያ ጉድጓድ መግባት አለበት፤ ያናድዳል፣ ይለመዳል። የኋላው መስታወት ግን እንደ እንቁላል ወደ ኋላ አብጦ ይወጣል። ዞርኪና ፌድ ላይ ችግር የለውም። ላይካ ኤም 5 እና ሲ ኤል ላይ ግን የብርሃን መለኪያውን ክንድ ሊገጭ ይችላል፤ ቤሳ አር ላይም አትሞክሩት። ሌንሱን አውልቃችሁ ጠረጴዛ ላይ በኋላው አታስቀምጡት፤ የምትጭሩት ዋናውን መስታወት ነው። በሶቪየት ሌንሶች ላይ የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አሃዞች ብዙውን ጊዜ የተሠራበትን ዓመት ይነግሯችኋል።

በገንዘባችሁ ልክ ከሁሉ የምመክረው የቮይግትሌንደር ሌንሶችን ነው። ስሙ ቪየና ውስጥ በ1756 የተጀመረ ነው። ዛሬ በዚህ ስም የሚሠራው ግን የጃፓኑ ኮሲና ነው፤ ከ1999 ጀምሮ። 35 ኤፍ 2.5 ከለር ስኮፓር 130 ግራም ገደማ ነው። ኪስ ውስጥ ገብቶ ይረሳል። 28 ኤፍ 3.5 እና 21 ኤፍ 4 ከለር ስኮፓርም የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በጥርስ የተሠሩ ስለሆኑ ዞርኪ ላይም ይገባሉ። አሁን በአብዛኛው የምታገኙት ያገለገለ ነው።

አንድ የሚገርም ሌንስ አለ፤ 25 ኤፍ 4 ስናፕሾት ስኮፓር። የመጀመሪያው ሥሪት ከካሜራው ፎከስ ጋር ጭራሽ አይገናኝም። ርቀቱን በዓይን ትገምታላችሁ፤ ሌንሱ 1 ሜትር፣ 1.5 እና 3 ሜትር ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይሸሻል። እኔ አሁን አውጥቼ የማላስቀምጠው ሌንስ ይሄ ነው። ፎከሱ የተበላሸ ወይም የተዛባ የድሮ ካሜራ ያለው ሰውም ያለ ጭንቀት ይጠቀምበታል፤ የሚያዛባው ነገር የለምና።

እዚህ ላይ የዚህን ጽሑፍ ትልቁን ጥቆማ ልስጥ። የዲጂታል ሰዎች የጠሉትን ዋይድ ፈልጉ። የኋላ መስታወታቸው ወደ ፊልሙ በጣም የቀረበ ሌንሶች ዲጂታል ካሜራ ላይ ሲገጠሙ የፎቶው ዳርና ዳር ወይን ጠጅ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። የመጀመሪያው የቮይግትሌንደር 15 ኤፍ 4.5፣ 21 ኤፍ 4 እና የዛይስ 21 ኤፍ 4.5 በዚህ ይታማሉ። ፊልም ላይ ይህ ችግር የለም። ሻጩ «ዲጂታል ላይ ዳሩ ወይን ጠጅ ይሆናል» ብሎ ዋጋ ሲቀንስ ለእናንተ ሠርግና ምላሽ ነው።

ዛይስ ዜድ ኤም የሚባሉት ከላይካ ይረክሳሉ፣ ከቮይግትሌንደር ይወደዳሉ። አብዛኞቹን የሚሠራቸው ያው ኮሲና ነው። 35 ኤፍ 2.8 ሲ ቢዮጎን በጣም ጥሩ ሌንስ ነው፤ ገንዘብ ካለ።

የቻይናዎቹ ሰቨን አርቲዛንስ እና ቲ ቲ አርቲዛን አዲስ ሌንስ ለሚፈልግ ናቸው። ለሬንጅፋይንደር የሚሠሯቸው በኤም አፍ ስለሆኑ ዞርኪ ያለው ይለፋቸው። ሰቨን አርቲዛንስ 28 ኤፍ 1.4 ሠርቷል፤ ግን ስለ 1.4 የምለውን ብያለሁ። ሚዛን የሚደፋው የቲ ቲ አርቲዛን 28 ኤፍ 5.6 ነው። ቅርጹ የድሮውን የላይካ ሱማሮን ያስታውሳል። ለቀን ብርሃን ትንሽና ጥሩ ነው፤ ለቤት ውስጥ ግን አይሆንም።

የ1950ዎቹ የካኖን 28 እና 35 የጥርስ ሌንሶችም ካገኛችሁ አትለፏቸው፤ ብቻ ጭጋጋቸውን በደንብ እዩ።

6. ሳትከፍሉ በፊት ማየት ያለባችሁ

ከእኛ አብዛኛው ሰው ሌንስ የሚያገኘው ውጭ ባለ ዘመድ ሻንጣ ነው። ዘመዱ ደግሞ ሌንስ አያውቅም። እኔ አንድ ጊዜ «ንጹሕ» የተባለ ሌንስ አስመጥቼ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ተሞልቶ አገኘሁት። ዘመዴ ምን ያድርግ፣ ፊቱን አይቶ «ያብረቀርቃል» ነው ያለኝ። አሁን ለማንም ሰው የምልከው መልእክት ይህ ነው፦

«እባክህ ሌንሱን ሙሉ ክፈተው፣ ትንሹ የኤፍ ቁጥር ላይ አድርገው። ከኋላው የስልክ መብራት አብራበትና በፊቱ በኩል አግድመህ እየው። ነጭ ክር ወይም ድር ካየህ ተወው። መስታወቱ ትንፋሽ የተነፈሱበት ከመሰለም ተወው። ትንሽ አቧራ ምንም አይደለም። ከዚያ ፎከሱን ከዳር እስከ ዳር አዙር፤ እንደ ደረቀ ማር ከያዘህ ንገረኝ። የቀዳዳው ስለቶች ላይ ቅባት ካለም ንገረኝ። በመጨረሻ የኋላውን መስታወት እይ፤ ጭረት ካለው አትግዛ። በእግዜር ቪዲዮ ላክልኝ።»

የፊት መስታወት ላይ ያለች አንዲት ጭረት ፎቶው ላይ አትታይም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ትጠቅማለች። የኋላው ጭረት ግን ይታያል። ሻጋታ ያለበትን ሌንስ በግማሽ ዋጋ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ፤ ማስጠረጊያው ከሌንሱ ይበልጣል።

7. ፊልም ሳታባክኑ ፎከሱን ፈትኑ

ሌንሱ ደረሰ። ፊልም አታስገቡ ገና። የካሜራውን ጀርባ ክፈቱ። ፊልሙ በሚያርፍባቸው ሁለት ሐዲዶች ላይ አንድ ቁራጭ ትሬሲንግ ፔፐር በጣም ወጥራችሁ በስኮች ለጥፉ። ሻካራው ፊት ወደ ሌንሱ ይሁን። ወረቀቱ መጋረጃውን አይንካ።

ፍጥነቱን ቢ (ጣታችሁ እስኪነሳ መጋረጃው ክፍት የሚሆንበት) ላይ አድርጉ፣ ተጭናችሁ ያዙ። ወረቀቱ ላይ ዓለም ተገልብጣ ትታያለች። እኔ ይህን መጀመሪያ ያደረግኩት ማታ በር ላይ ሆኜ ነው፤ የጎረቤት አምፖል ተገልብጦ ወረቀቱ ላይ ሲበራ ልጆቹ ሁሉ ተሰበሰቡ። ሌንሱን ሙሉ ክፈቱና በሜትር ለክታችሁ 1 ሜትር ላይ ያለ ነገር ላይ በካሜራው ማያ ፎከስ አድርጉ። ወረቀቱ ላይ ጠርቷል? ከዚያ ሩቅ ያለ ነገር፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ወይም የቴሌ ማማ፣ ላይ ድገሙት። ለማጉላት የ50 ሌንሳችሁን ገልብጣችሁ እንደ አጉሊ መነጽር ተጠቀሙበት።

ሩቁ ጠርቶ ቅርቡ ካልጠራ ወይም በተቃራኒው ከሆነ ሌንሱና ካሜራው አልተስማሙም። ሌላ ሌንስ ገጥማችሁ እዩ፤ እሱም ከሳተ ጥፋቱ የካሜራው ነው። ዋይድ ሌንስ ትንሽ ስሕተት ይሸፍናል፤ ኤፍ 8 ላይ ጭራሽ አታዩትም። ስለዚህ ለሚሊ ሜትር ስሕተት አትታመሙ።

8. የሙከራ ፊልም

አንድ ባለ 36 ጥቁርና ነጭ ፊልም በቂ ነው። ደብተር ያዙ፤ የእያንዳንዱን ፍሬም ኤፍና ርቀት ጻፉ። ሳይጻፍ የተነሳ የሙከራ ፊልም ከንቱ ነው።

ሌንሱን ከፊት ለፊቱ የቆርቆሮ አጥር አድርጋችሁ አንሱ። ጎጃም ውስጥ የቆርቆሮ አጥር አይቸግርም። ካሜራው ከአጥሩ ጋር ትይዩ ይሁን። አንድ በሙሉ ክፍት፣ አንድ በኤፍ 5.6፣ አንድ በኤፍ 8። የቆርቆሮው መስመሮች ዳር ላይ ከጎበጡ የሌንሱ ጠባይ ነው። የግራው ዳር ጠርቶ የቀኙ ከደበዘዘ ግን ሌንሱ ውስጥ አንድ መስታወት ተንጋዷል፤ መመለስ ከቻላችሁ መልሱት። ቀጥሎ አምስት ጠርሙስ አንዱን ከአንዱ ኋላ ሰያፍ አድርጋችሁ ደርድሩ፤ 1 ሜትር ላይ ሆናችሁ መካከለኛው ላይ ፎከስ አድርጉ። የጠራው ሌላ ጠርሙስ ከሆነ ታውቁታላችሁ። የቀረውን ፊልም እንደ ልባችሁ አንሱ፤ ሌንስ የሚታወቀው በአጥር ብቻ አይደለም።

9. ፀሐይ፣ ሻጋታ፣ ክዳን

ዞርኪ፣ ፌድና ላይካ ኤም ላይ ፊልሙን የሚሸፍነው የጨርቅ መጋረጃ ነው። ፊቱ ላይ መስታወት የለም። ሌንሱ ተከፍቶ፣ ፎከሱ ሩቅ ላይ ሆኖ፣ ካሜራው ፀሐይ ፊት ከተቀመጠ ሌንሱ እንደ አጉሊ መነጽር ሆኖ ጨርቁን ይበሳዋል። ጣና ላይ በጀልባ ስሄድ ካሜራዬን ጭኔ ላይ አጋድሜ እያወራሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፎቶ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ነጭ ነጥብ። በጥቁር ጎማ መሰል ቀለም ደፈንኩት፤ ይሠራል፣ ግን ባይበሳ ይሻል ነበር። ስትራመዱ ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ፣ ፎከሱን ቅርብ ላይ አድርጉ። ስታስቀምጡ ክደኑት።

ባሕር ዳርና ዘጌ አካባቢ ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ነው። ሌንስ ቆዳ ማኅደር ውስጥ አይክረም፤ ሻጋታ የሚወለደው እዚያ ነው። ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ ከምትገኘው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር አስቀምጡት። ሩዝ አታድርጉ፤ ዱቄቱ ሌንሱ ውስጥ ይገባል።

ክዳኑን በተመለከተ ግን ሌላ ጣጣ አለ። የምታዩት በሌንሱ ውስጥ ስላልሆነ ክዳኑ እንዳለ ብታነሱ ካሜራው ምንም አይላችሁም። እኔ አንድ የጥምቀት ዕለት ሙሉ ሮል ክዳኑ እንደተገጠመ አንስቻለሁ፤ ታቦቱን፣ ካህናቱን፣ ሴቶቹን በነጭ ልብስ፣ ሁሉንም። አሁን ክዳኑን በክር አስሬ ከካሜራው ማንገቻ ጋር አያይዤዋለሁ። ከተከፈተ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ነፋስ ሲኖር ካሜራውን ቋ ቋ ያደርገዋል። ካልሰማሁት ተከድኗል ማለት ነው።